በሚኒባስ ውስጥ እያደሩ ከድሬዳዋ ወደ ሐረርጌ ደጋ መጓዝ፦ የአሠራር መመሪያ

«ሚኒባስ አለን፤ ልጆቹን ይዘን መኪናው ውስጥ እያደርን ቁልቢን፣ ሐረማያን፣ ሐረርንና ባቢሌን መዞር እንችላለን? እንዴት እናዘጋጀው?» የትምህርት ቤት ዕረፍት በቀረበ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው ከአልጋው ይጀምራሉ፤ ፍራሹ ምን ያህል ይወፍር፣ መጋረጃው ከምን ይሠራ ይላሉ። አልጋው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጉዞውን የሚወስኑት ክብደት፣ ፍሬንና የምታድሩበት ቦታ ናቸው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የቁልቢና የሐረር መንገዶች ወደሚለያዩበት ወደ ደንገጎ የሚያወጣው መንገድ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ800 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወስዳችኋል። ስትመለሱ ያንኑ ቁልቁል ትወርዱታላችሁ።

መመሪያው ለሁለት አዋቂዎችና ለሁለት ልጆች፣ ለሦስት ሌሊት፣ በተለምዶ ዶልፊን ወይም አባዱላ ለሚባሉት ሚኒባሶች የተዘጋጀ ነው። አልጋና ማድቤት ተሠርቶለት የመጣ መኪና ያላችሁ ደረጃ 2ን ዝለሉት፤ መኪናችሁ ይበልጥ ከባድ ስለሆነ ሌላውን ግን በጥንቃቄ አንብቡት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለመኪናው፦
- ንፋሱ የተሞላ ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻና የንፋስ መለኪያ
- ሁለት ጠንካራ የእንጨት ታኮ
- መለዋወጫ ቺንጋ፣ አንድ ሊትር የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ዘይት
- ለራዲያተር ብቻ የሚቀመጥ 5 ሊትር ውሃ
- መጎተቻ ገመድ፣ የባትሪ ማስነሻ ገመድ
- አንጸባራቂ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን

ለመኝታ፦
- ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ በሁለት የተከፈለ
- ስፖንጅ ፍራሽ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ብርድ ልብስ
- ለመስኮት የሚሆን የትንኝ መረብ ወይም አጎበር፣ ወፍራም መጋረጃ

ለማድቤት፦
- ትንሽ ቡታጋዝ፣ ክዳኑ የሚገጥም ድስት፣ ጀበና
- ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ
- ክዳን ያለው የቆሻሻ ባልዲ

ሰነዶች፦ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ጊዜው ያላለፈ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ የሁሉም አዋቂዎች መታወቂያ። በየኬላው ስትጠየቁ ፍራሽ እንዳታነሱ ሁሉንም በአንድ ቦርሳ አድርጋችሁ ከሾፌሩ አጠገብ አስቀምጡ።

ደረጃ 1፦ ከመነሻው ሳምንት በፊት ፍሬኑንና ማቀዝቀዣውን አስፈትሹ

ጋራዥ ሄዳችሁ «መኪናዋን እይልኝ» ማለት አይበቃም። አራት ነገር በስም ጠይቁ፦ የፍሬን ሸራው ውፍረት፣ የፍሬን ዘይቱ ዕድሜ፣ የራዲያተሩ ክዳንና ቱቦዎች፣ የቺንጋው ሁኔታ።

የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት እርጥበት ይመጥጣል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑ ሲግል ያ እርጥበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ዘይት ከሆነ ሳትከራከሩ አስቀይሩት። የራዲያተር ክዳንም እንደ ተራ ነገር አይታይ፤ ግፊቱን ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው እሱ ነው፣ ላስቲኩ ከደረቀ በዳገቱ አጋማሽ ላይ ትቆማላችሁ።

ደረጃ 2፦ አልጋውን ሥሩ

የኋለኞቹ ሁለት ረድፎች መደገፊያ የሚታጠፍ ከሆነ እጠፉትና ኮምፔንሳቶውን ከላይ አሳርፉ። የማይታጠፍ ከሆነ ወንበሮቹን ከብሎናቸው ፈትታችሁ ቤት አስቀምጡ፤ ምንም ነገር አትቁረጡ፣ አትበይዱ። የመቀመጫው ቁጥር በሊብሬው ላይ የተመዘገበ ስለሆነ በቋሚነት መለወጥ የምትፈልጉ ከሆነ አስቀድማችሁ የትራንስፖርት ቢሮውን ጠይቁ።

ሰሌዳውን በሁለት የምንከፍለው አንዱን አንስቶ ከሥሩ ዕቃ ለማውጣት እንዲመች ነው። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ ልጆች በሌሊት ሲነሱ ጉልበታቸውን የሚመታው እሱ ነው። ሰሌዳው በጉዞ ላይ እንዳይንሸራተት በአራቱም ማዕዘን በጠንካራ ማሰሪያ እሰሩት፤ ድንገት ፍሬን ስትይዙ ያልታሰረ ሰሌዳ ወደ ፊት ይወረወራል።

መኪናው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ማንም ሰው አልጋው ላይ አይተኛ፣ ሕፃንም ቢሆን። ሁሉም ቀበቶ ባለው ወንበር ላይ ይቀመጥ።

ደረጃ 3፦ ክብደቱን ቀንሱ፣ የቀረውን ወደ ታች አውርዱ

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ብዙዎች 100 ሊትር ጭነው ይነሳሉ፤ ይህ አንድ ተጨማሪ ትልቅ ሰው እንደ መጫን ነው። በመንገዳችሁ ላይ ያሉት ከተሞች ተቀራራቢ ስለሆኑ 40 ሊትር ይዞ እየሞሉ መሄድ ይበቃል።

ከባድ ነገር ሁሉ ወለል ላይ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ይሁን። ፖርቶ መጋላው (የጣሪያው ዕቃ መጫኛ) ላይ ፍራሽና ብርድ ልብስ እንጂ ጀሪካንና የጋዝ ሲሊንደር አይውጣ። ሚኒባስ ራሱ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ክብደቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በጠመዝማዛው መንገድ ላይ ወደ ጎን መጋደሉ ይጨምራል።

የጎማውን ንፋስ ከመነሳታችሁ በፊት፣ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ለኩ፤ ልኩን በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ታገኙታላችሁ። ጎማ ሲግል ንፋሱ ስለሚጨምር እኩለ ቀን ላይ ለክቶ «በዛ» ብሎ ማስተንፈስ ደጋው ላይ በሌሊት ንፋሱ የጎደለ ጎማ ያስከትላል።

ደረጃ 4፦ ቀኑን ምረጡ፣ መንገዱን ጠይቁ

በመነሻው ዋዜማ መናኸሪያ ሂዱና በዚያው ቀን ከሐረርና ከጭሮ የገቡ ሾፌሮችን ጠይቁ። የትኛው መንገድ ሰላም እንደሆነ፣ የት ጥገና እንዳለ፣ የት ናዳ እንደወረደ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። «ይቅርባችሁ» ካሏችሁ ጉዞውን አስተላልፉ።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል ነው። ለበዓሉ የምትሄዱ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ግቡ፤ ለሽርሽር ከሆነ ግን ከበዓሉ በፊትና በኋላ ያሉትን ጥቂት ቀናት ተዉአቸው፣ መንገዱ በመኪናና በእግረኛ ይሞላል።

ነዳጁን ድሬዳዋ ላይ ሙሉ አድርጉ፤ በትንንሾቹ ከተሞች ማደያ ቢኖርም ነዳጅ ላይኖር ይችላል። ከመንገድ ዳር በጠርሙስ የሚሸጥ ነዳጅ ከምን ጋር እንደተቀላቀለ አይታወቅም። ቴሌብር ብዙ ቦታ ይሠራል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 5፦ ወደ ደንገጎ በጠዋት ውጡ

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። ምክንያቱ ሁለት ነው። የድሬዳዋ ሙቀት ከረፋዱ ጀምሮ ይከብዳል፤ ሞተሩ ከፍተኛ ሥራ የሚሠራው ደግሞ ልክ ከከተማው እንደወጣችሁ ነው። በተጨማሪም ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ድሬዳዋ ውስጥ በሦስተኛ ማርሽ የምትወጡትን ዳገት እዚያ በሁለተኛ ትወጡታላችሁ። ይህ ብልሽት አይደለም።

- ማርሽ የምትቀንሱት ሞተሩ ማቃሰት ከመጀመሩ በፊት ነው።
- የአየር ማቀዝቀዣውን አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ።
- የሙቀት መለኪያው መውጣት ከጀመረ የመኪናውን ማሞቂያ ክፈቱ። ይሞቃችኋል፤ ነገር ግን ከሞተሩ ሙቀት የተወሰነውን ወደ ውስጥ ስለሚስብ ሞተሩን ያግዛል። ካልወረደ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፤ ውሃው እየፈላ ካልሆነ በቀር ሞተሩን ሳታጠፉ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።
- የጋለ ራዲያተር ክዳን በምንም ምክንያት አይከፈት። በግፊት የተያዘው ውሃ ፊት ላይ ይፈነዳል።
- በመታጠፊያዎች ላይ ጥሩምባ ንፉ። ወደ ላይ ለሚወጣ የጭነት መኪና መንገድ ስጡ፤ አንዴ ከቆመ ተመልሶ መነሳት ይቸግረዋል።

የጫት መኪኖችን ለይታችሁ እወቋቸው። ከአወዳይ ወጥተው ጫቱ ሳይጠወልግ ለማድረስ በከፍተኛ ፍጥነት ይነዳሉ። በመስታወት ስታዩአቸው ቀኝ ያዙ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ ይለፉ። መሽቀዳደም ቀርቶ ፍጥነት ጠብቆ መንገድ መከልከልም አደጋ ነው።

ደረጃ 6፦ በደንገጎ መገንጠያ ቀኝ፣ የመጀመሪያው ሌሊት ቁልቢ

ደንገጎ ላይ ግራው ወደ ሐረማያ፣ አወዳይና ሐረር፣ ቀኙ ወደ ቁልቢ፣ ጨለንቆ፣ ሂርናና ጭሮ ይወስዳል። ቁልቢን ማስቀደም ይሻላል፤ ከፍተኛውና ቀዝቃዛው ቦታ እሱ ስለሆነ ልጆቹ ገና ሳይደክሙ ታልፉታላችሁ።

የድሬዳዋ ሰው እዚህ የሚሸነፈው በብርዱ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከስድስት ዲግሪ በላይ ሙቀት ይቀንሳል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ብርዱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከወለሉም ይመጣል፤ ስለዚህ ከሁለቱ ብርድ ልብሶች አንዱን ከፍራሹ በላይ፣ ከሥራችሁ አንጥፉት።

ማብሰልም ይለወጣል። ውሃ ድሬዳዋ ላይ በ96 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ ደጋው ላይ ከ93 ዲግሪ በታች ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ረጅም ጊዜ ይወስዳሉ፣ ጋዙን ይጨርሳሉ። ለዚህ ጉዞ ሽሮ፣ ክክ ምስርና ቤት የተቀቀለ ሥጋ ይዛችሁ ውጡ። ድንችና ሽንኩርት መንገዱ ላይ ትኩስ ሆኖ ይገኛል፤ ፍራፍሬውን ግን ከመነሳታችሁ በፊት ከድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ግዙ፤ ፓፓያውና ማንጎው የቆላው ነው።

ደረጃ 7፦ የማደሪያ ቦታ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ያዙ

ከመንገድ ዳር፣ ከጫካና ከእርሻ አጠገብ አትደሩ። የመጀመሪያ ምርጫችሁ አጥርና ዘበኛ ያለው የሆቴል ወይም የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ይሁን። ክፍል ባትይዙም ለመኪና ማቆሚያና ለመጸዳጃ ቤት ከፍላችሁ ማደር ትችላላችሁ፤ ዋጋውን ከመግባታችሁ በፊት ተስማሙ። ይህ ከሌለ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ የነዳጅ ማደያ ግቢ።

በተለይ ከጫት ማሳ ራቁ። ባለቤቶቹ ሌባ እንዳይሰርቃቸው በሌሊት ይጠብቃሉ፤ በጨለማ የቆመ ባዕድ መኪና ሲያዩ ምን ሊያስቡ እንደሚችሉ ግልጽ ነው። በገጠር ማቆም ግድ ከሆነባችሁ አስቀድማችሁ የመሬቱን ባለቤት ወይም የአካባቢውን ሽማግሌ አግኙ። «አካም ጂርቱ» ብሎ ሰላምታ አቅርቦ፣ ስምንና የመጡበትን ተናግሮ መጠየቅ ያስከብራል፤ ሳይጠይቁ ማቆም ግን በሰው ደጅ መግባት ነው።

መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ፤ ትንሽ ዘንበል ካለ ራሳችሁን ከፍ ወዳለው አቅጣጫ አድርጋችሁ ተኙ። ጎማው ሥር ታኮ አድርጉ። ሁለት ተቃራኒ መስኮቶችን በሁለት ጣት ስፋት ክፈቱና በመረብ ሸፍኑ። የአራት ሰው ትንፋሽ በተዘጋ መኪና ውስጥ ወደ ጤዛ ተለውጦ ፍራሹን ያረጥባል፤ አየሩም ይታፈናል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሰል መኪና ውስጥ አይግባ። ለማሞቂያም፣ ለቡናም፣ «ፍሙ ሊጠፋ ነው» ተብሎም አይግባ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። መስኮት መክፈት አያድንም። ቡናው ውጭ ይፈላ፤ ምድጃው ውጭ ይደር። ቡታጋዙንም ውጭ አብስሉበት። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ይታሰር፣ ማታ ቧንቧው ይዘጋ፤ መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ፈትሹ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ካፈሰሰ ወለል ላይ፣ ማለትም በትክክል እናንተ በተኛችሁበት ይጠራቀማል።

ደረጃ 8፦ ሐረማያ፣ አወዳይ፣ ሐረር

ወደ ደንገጎ ተመልሳችሁ በሐረማያ በኩል ቀጥሉ። መንገዱ እዚህ ይበልጥ ሜዳማ ነው፤ ያም ሆኖ ከብት፣ ባጃጅና ተማሪ ስለሚበዛበት ፍጥነት አትጨምሩ። አወዳይን በጠዋት እለፉ፤ ወደ ማታ የጫት ገበያው ሲደራ መኪኖች በሁለቱም በኩል ይቆማሉ፣ አንድ ሚኒባስ የሚያልፍበት ቦታ ማግኘት ይቸግራል።

ሐረር ስትደርሱ መኪናውን አሮጌውን ከተማ ከሚከብበው ከጁገል ግንብ ውጭ አቁሙ። በሐረር በር በኩል እስከ ፈረስ መጋላ መኪና ይገባል፤ ከዚያ ያለፉት መተላለፊያዎች ግን ለእግርና ለአህያ የተሠሩ ናቸው። ሚኒባስ ገብቶ ወደ ኋላ እየሄደ ለመውጣት ሲታገል የሰው ግድግዳ ይጎዳል። ጁገል በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በእግር ግቡ።

ሐረር ውስጥ በመኪና የሚያድር ሰው ስለ ጅብ ማወቅ አለበት። ከግንቡ ውጭ ማታ ማታ ጅብ ሲመገብ ለማየት መሄድ አንድ ነገር ነው፤ ጅብ ወደ መኪናችሁ እንዲመጣ ማድረግ ሌላ። የተረፈ ምግብ፣ አጥንት፣ የቆዳ ጫማ ውጭ አይደር። ባልዲው ተከድኖ መኪና ውስጥ ይግባ። ልጆች ማታ ለሽንት ብቻቸውን አይውረዱ። አጥር ያለው ግቢ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ደረጃ 9፦ ባቢሌ

ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁል ስለሆነ ሙቀቱ ይመለሳል፤ ከዚህ ጀምሮ መረቡ ለወባ ትንኝም ያስፈልጋል። የግመል ገበያው ሰኞና ሐሙስ ስለሆነ ቀናችሁን ከዚያ ጋር አስማሙ። ከባቢሌ አልፎ በዳካታ ሸለቆ አንዱ በሌላው ላይ የተሸከመ የሚመስለው ድንጋይ ይታያል። በቀን እዩት፣ አታድሩበት። ግመል በምሽት የመኪና መብራት አይቶ አይሸሽም፣ ረጅም እግሩ ሲመታ ሰውነቱ በመስታወቱ ላይ ይወድቃል። የባቢሌ የዝሆን መጠለያ ደግሞ የሚኒባስ መንገድ የለውም፤ ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ መጠለያው ጠባቂም አይገባበትም።

ለመልካም መመለሻ ሦስተኛውን ሌሊት ሐረር ተመልሳችሁ እደሩ፤ ዋናው ቁልቁለት በጠዋት፣ ባረፈ ሾፌር ይወረዳል።

ደረጃ 10፦ ወደ ድሬዳዋ ውረዱ

ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ደረጃ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህንን አንብቡ።

1. ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ደንገጎ ላይ ቁሙ። ፔዳሉን ረግጣችሁ ጥንካሬውን ፈትሹ፣ ጎማዎቹን ዙሩ።
2. ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ ገብታችሁ ጀምሩ። መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ይሁን። ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፤ ፍጥነት ካገኛችሁ በኋላ ማርሽ መቀነስ ይከብዳል።
3. ፍሬን ሲያስፈልግ ጠንከር አድርጋችሁ ረግጣችሁ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቁት። እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ መውረድ ሸራውን ያለማቋረጥ ያግለዋል፤ የጋለ ሸራ መያዙን ያቆማል።
4. ነዳጅ ለመቆጠብ ፎሌ አድርጎ (ማርሽ አውጥቶ) ወይም ሞተር አጥፍቶ መውረድ ክልክል ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑና የመሪው እገዛ አብሮ ይጠፋል።
5. የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከላላ ወዲያው ቁሙ። ታኮ አድርጉ፤ የእጅ ፍሬኑን በጋለ ታምቡር ላይ አጥብቃችሁ አትያዙ። ውሃ አትድፉበት፤ ብረቱ ይሰነጠቃል። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ በደረቅ የወንዝ አሸዋ ላይ አትቁሙ። ድሬዳዋ ስትገቡ ደቻቱና ሌሎቹ አሸዋማ ወንዞች ሰፊ ማቆሚያ ይመስላሉ። ዝናቡ የሚዘንበው ግን በወረዳችሁበት ተራራ ላይ ነው፤ ከተማው ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በበልግም በክረምትም በወንዙ ውስጥ አይቆምም፣ አይታደርም፣ መኪናም አይታጠብም።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

- የመጀመሪያውን ጉዞ በቀጥታ ሦስት ሌሊት ማድረግ። በቅድሚያ አንድ ሌሊት በራሳችሁ ግቢ መኪናው ውስጥ እደሩ፤ የጎደለው ነገር ሁሉ እዚያ ይታወቃል።
- ሾፌሩን አንድ ሰው ብቻ ማድረግ። ሁለተኛ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ከሌለ በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ አትንዱ።
- ከምንጭ አጠገብ ዕቃና ልብስ ማጠብ። ውሃውን ሰው ይጠጣዋል፤ ቀድታችሁ ራቅ ብላችሁ እጠቡ።
- ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት፣ በተለይ በገበያ፤ ኬላንና ወታደርን ደግሞ ፈጽሞ።
- ስትመለሱ መኪናውን እንዲሁ ማቆም። በነጋታው የፍሬን ሸራውንና የራዲያተሩን ውሃ ፈትሹ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጡ፣ ከዚያ ወንበሮቹን መልሱና ብሎኖቹን ጋራዥ ወስዳችሁ አስጠብቁ።